«ስታርትአፕ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ሀዋሳ ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ቃል ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ወደ ሥራ ዕድል ፈጠራ ስብሰባ፣ ወደ ባዛር ድንኳንና ወደ ብድር ማመልከቻ ገብቷል። አዲስ ጁስ ቤት የሚከፍተው ወጣት፣ ብሎኬት ለማምረት የተደራጁ አምስት ጓደኛሞች፣ የቡና አርሶ አደርንና ገዢን በስልክ የሚያገናኝ ፕሮግራም የሚሠሩ ተመራቂዎች፣ ሁሉም በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። ስሙ ማስታወቂያ ላይ ብቻ ቢቀር ብዙም ባላከራከረ ነበር። አሁን ግን የመንግሥት ድጋፍና ሕጋዊ ዕውቅና ተከትሎታል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም «ስታርትአፕ ኢትዮጵያ» በሚል ስያሜ ዐውደ ርዕይ ተካሂዷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የስታርትአፕ አዋጅ አጽድቋል።

«እኔ ስታርትአፕ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ለዚህ ነው። መልሱ ሰውየው በየትኛው ቢሮ በር እንደሚገባ፣ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚፈልግና ሥራው ባይሳካ ማን ዕዳ እንደሚሸከም ይወስናል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው፦ በአንድ ስም የተጠሩት ሥራዎች የሚፈልጉት ገንዘብ የተለያየ ነው፤ ለአንዱ የሚስማማው ገንዘብ ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ቃሉ የመጣበት መንገድ

በእንግሊዝኛ ቃሉ ሞተርን ወይም ፋብሪካን ሥራ ማስጀመርን ለመግለጽ ያገለግላል። የአሜሪካ የንግድ መጽሔቶች አዲስ ኩባንያን በዚህ ስም መጥራት የጀመሩት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ሲሆን፣ ያኔም ቃሉ ከኮምፒውተርና ከኤሌክትሮኒክስ ሥራ ጋር የተቆራኘ ነበር።

የገንዘብ አሠራሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1946 (እ.ኤ.አ.) ጆርጅ ዶሪዮትና ባልደረቦቹ በቦስተን አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ባንክ ለማያበድራቸው አዳዲስ ኩባንያዎች ገንዘብ እየሰጠ በምትኩ የባለቤትነት ድርሻ ይወስድ ነበር። በ1957 (እ.ኤ.አ.) ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ለተባለ አዲስ የኮምፒውተር ኩባንያ 70,000 ዶላር ሰጥቶ 70 በመቶ ያህል ድርሻ ያዘ። ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ያ ድርሻ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ተተመነ። ድርጅቱ ገንዘብ ያፈሰሰባቸው ሌሎች በርካታ ኩባንያዎች ይህን የሚያህል ነገር አላመጡም፤ አንዱ የሁሉንም ሸፈነ።

ዛሬ ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ይኸው ነው፦ ዋስትና ሳይጠይቅ፣ ወለድም ሳያስከፍል፣ ብዙዎቹ እንደሚከስሩ አውቆ ለጥቂቶች ከፍተኛ ዕድገት ሲል ድርሻ የሚገዛ ገንዘብ። አንጀል ኢንቨስተር የሚባለው ያንኑ ከራሱ ኪስ የሚያደርግ ግለሰብ ነው። ስታርትአፕ የሚለው ስም ያደገው በዚህ ዓይነት ገንዘብ ዙሪያ ነው። ቃሉ ወደ እኛ የገባው ግን ገንዘቡ ሳይመጣ ነው። ውዥንብሩን ካባባሱት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ይመስለኛል።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ሥራዎች

በሰፊው አነጋገር ማንኛውም አዲስ ንግድ ስታርትአፕ ነው። በዚህ ትርጉም በፒያሳ የተከፈተ ልብስ ስፌትም፣ በሀይቁ ዳር አሳ የሚጠብስ ቤትም ይገባበታል። ይህ አጠቃቀም በእንግሊዝኛም አለና ስህተት ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ ምንም የማይለይ መሆኑ ነው። ሁሉን የሚያቅፍ ስም ይዞ የድጋፍ መርሃ ግብር መንደፍ አይቻልም።

ሁለተኛው አጠቃቀም ስታርትአፕን ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ለሚባሉት እንደ አዲስ ስም ይወስደዋል። እነዚህ ግን ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የራሳቸው መለኪያ አላቸው። በ2003 ዓ.ም. በተሻሻለው ስትራቴጂ ጥቃቅን የሚባለው ተቋም እስከ አምስት ሠራተኛ ያለው ሆኖ፣ በኢንዱስትሪ ከሆነ እስከ 100,000 ብር፣ በአገልግሎት ከሆነ እስከ 50,000 ብር ጠቅላላ ሀብት የያዘ ነው። አነስተኛው ከ6 እስከ 30 ሠራተኛ ሲኖረው፣ ሀብቱ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር ነው። ብር ዛሬ ያለው አቅም ሲታይ እነዚህ አኃዞች አርጅተዋል። ያም ሆኖ መለኪያቸው ግልጽ ነው፤ ሰው ይቆጥራሉ፣ ሀብት ይመዝናሉ። የሚለኩት መጠንን እንጂ የዕድገትን ባሕርይ አይደለም።

ሦስተኛው አጠቃቀም በተማሪዎች ዘንድ ይበረታል፦ ስታርትአፕ ማለት የቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ በተለይም መተግበሪያ የሚሠራ። ይህኛውም አያስኬድም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አዲስ ነበር፣ ቴክኖሎጂ ነበር፣ ዕድገቱም ፈጣን ነበር። ሆኖም ከጀርባው ኢትዮ ቴሌኮም ነበረ፤ ካፒታሉም፣ ደንበኛውም፣ ስሙም ቀድሞ ነበረው። የአንድ ትልቅ ተቋም አዲስ አገልግሎት ነው እንጂ ስታርትአፕ አይደለም። በተቃራኒው የአቮካዶን ብልሽት የሚቀንስ አዲስ የማቆያ ዘዴ የሚሞክር ቡድን አንድም መስመር ኮድ ሳይጽፍ ስታርትአፕ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም ጠባቡና በባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት ትርጉም ሁለት ሐሳቦችን ያጣምራል። አሜሪካዊው የሥራ ፈጠራ መምህር ስቲቭ ብላንክ ስታርትአፕን ሊደጋገምና ሊስፋፋ የሚችል የንግድ ሞዴል የሚፈልግ ጊዜያዊ ድርጅት አድርጎ ይገልጸዋል። የንግድ ሞዴል ማለት ድርጅቱ ለማን ምን አቅርቦ ከየት ገንዘብ እንደሚያገኝ የሚያሳየው አሠራር ነው። በዚህ አገላለጽ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ድርጅቱ ሞዴሉን ካገኘው ተራ ኩባንያ ይሆናል፣ ካላገኘው ይዘጋል። ለአዳዲስ ኩባንያዎች ገንዘብና ምክር የሚሰጠው የአሜሪካው ዋይ ኮምቢኔተር መሥራች ከሆኑት አንዱ ፖል ግራሃም ደግሞ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ሐሳብ መለያው ፍጥነት ነው ይላል። በእሱ እይታ ስታርትአፕ በፍጥነት እንዲያድግ ታስቦ የተቀረጸ ኩባንያ ነው፤ አዲስ መሆን ብቻውን ስሙን አያሰጥም።

እዚህ ላይ «መስፋፋት» የሚለው ሐሳብ ማብራሪያ ይሻል፤ የልዩነቱ ቁልፍ እሱ ነውና። ሀዋሳ ውስጥ ዐሥር ባጃጅ አሰማርቶ የሚሠራ ሰው ገቢውን በእጥፍ ለማሳደግ ሌላ ዐሥር ባጃጅ መግዛት አለበት። ገቢው ባደገ ቁጥር ወጪው አብሮት ያድጋል። ሳምራዊት ፍቅሩ በመሠረቱት ሃይብሪድ ዲዛይንስ ሥር የተጀመረው ራይድ ደግሞ ባለመኪናና ተሳፋሪን የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። አንድ ተጨማሪ መኪና ወደ ሥርዓቱ ሲገባ ኩባንያው መኪና አይገዛም። ሥርዓቱን መገንባቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ አዲስ ተጠቃሚ የሚያስወጣው ወጪ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ንግድ ነው። ምናልባትም ከሁለተኛው ይልቅ አስተማማኝ ገቢ ይሰጣል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ሥራዎች አይደሉም።

ገንዘቡ ለምን ይለያል?

በዕለት ተዕለት ንግግር ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ከየትም ይምጣ ሥራ ይጀመርበታል። በተግባር ግን ብድርና የድርሻ ገንዘብ ኪሳራን የሚቋቋሙት በተለያየ መንገድ ነው። ቀለል ያለ ስሌት ያሳየዋል።

አንድ አበዳሪ ለ20 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 100,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ አበደረ እንበል። ሁሉም ቢከፍሉ የሚያገኘው ወለድ 360,000 ብር ነው። አራቱ ሙሉ በሙሉ ቢከስሩ 400,000 ብር ዋና ገንዘብ ያጣል፤ ከቀሩት 16 ሰዎች የሚሰበስበው ወለድ ደግሞ 288,000 ብር ብቻ ነው። የራሱ ወጪ ሳይታሰብ 112,000 ብር ከስሯል። ስለዚህ አበዳሪ ከአምስት አንድ ሰው ሲከስርበት እንኳ መቆም አይችልም። ዋስትና የሚጠይቀው፣ በቡድን ተያይዛችሁ ኑ የሚለው፣ የተሞከረና የታወቀ ሥራ የሚመርጠው በክፋት አይደለም፤ የገንዘቡ ባሕርይ ግድ ይለዋል።

አሁን ያንኑ ሁለት ሚሊዮን ብር ድርሻ በሚገዛ ሰው እጅ እናድርገው። ከ20ዎቹ 19ኙ ባዶ ሆኑ፤ የአንዱ ድርሻ ብቻ ዋጋው 30 እጥፍ አደገ። ባለገንዘቡ ሦስት ሚሊዮን ብር ያገኛል፤ አንድ ሚሊዮን አትርፏል። ይህ ሰው የ19ኙ መክሰር አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ከ20ዎቹ መካከል 30 እጥፍ ሊያድግ የሚችል አንድም አለመኖሩ ነው። ስለዚህም በዓመት ጥሩ ትርፍ የምታስገኝ ነገር ግን መጠኗ የማይለወጥ ጁስ ቤት ለእሱ ምንም አትጠቅመውም።

ከዚህ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው የጠባቡ ትርጉም ስታርትአፕ በብድር ሲጀመር ነው። ገና ደንበኛው ማን እንደሆነ እየፈለገ ያለ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ ወርሃዊ ክፍያ ይጀምርበታል። ክፍያውን ለመሸፈን ሲል ፍለጋውን ትቶ ያገኘውን ሥራ ይሠራል፤ ድረ ገጽ ይሠራል፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ሥልጠና ይሰጣል። ካልተሳካለትም ዕዳው በአባላቱና በዋሶቻቸው ትከሻ ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ዋሱ ደመወዝተኛ ዘመድ ነውና ኪሳራው ከድርጅቱ አልፎ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ግልባጭ ነው፦ ብሎኬት የሚያመርቱ ወጣቶች ለውድድር መድረክ ይጋበዛሉ። ፒች ይባላል፤ በጥቂት ደቂቃ ሐሳብን ለዳኞችና ለባለገንዘቦች የማቅረብ ሥርዓት ነው። «በአምስት ዓመት ውስጥ በስንት አገር ትሠራላችሁ?» ተብለው ይጠየቃሉ። መልስ የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይገባም። ብሎኬት ከባድ ነው፣ የማጓጓዣው ዋጋ ገበያውን በከተማውና በዙሪያው ይወስነዋል። እነሱ የሚያስፈልጋቸው የመሥሪያ ቦታ፣ ማሽን በሊዝ፣ የመብራት መስመርና በወቅቱ የሚከፍል የመንግሥት ሥራ ተቋራጭ ነው። በማይመለከታቸው መለኪያ ተመዝነው «ሐሳባችሁ ደካማ ነው» ሲባሉ ማየት ያሳዝናል።

የአገራችን የሕግ ማዕቀፍም ለረጅም ጊዜ ከድርሻ ገንዘብ ይልቅ ለብድር የቀረበ ነበር፤ ለውጡ ገና ቅርብ ነው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባል ይጠይቅ ስለነበር፣ ብቻውን ሥራ የሚጀምር ሰው ለስሙ ያህል ዘመድ ያስገባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ አባል ብቻ ያለውን ማኅበር ፈቅዷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ከቤትና ከመሬት ውጭ ተንቀሳቃሽ ንብረትም በዋስትና እንዲያዝ መንገድ ከፍቷል። ይህ ማሽን ላለው የብሎኬት ማኅበር ትልቅ ነገር ነው። ንብረቱ በላፕቶፑ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ብቻ ለሆነው የፕሮግራም ቡድን ግን ብዙም አልረዳውም።

ድርሻ ገዝቶ የሚገባ ሰው አንድ ቀን ድርሻውን ሸጦ መውጣት መቻል አለበት፤ ይህ ካልሆነ ገንዘቡ ታሰረ ማለት ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ ድርሻ የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በመርህ ደረጃ መውጫ በር ተከፈተ ማለት ይቻላል፤ ከሀዋሳ የሚነሳ አነስተኛ ኩባንያ እዚያ ለመድረስ ግን ብዙ ደረጃ ይቀረዋል። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብም መሰናክል አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ የውጭ ባለሀብት በመደበኛው ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር እንዲመድብ ይደነግጋል። ደንቡ ለፋብሪካ ተስማሚ ነው። አንጀል ኢንቨስተር ግን በመጀመሪያው ዙር የሚሰጠው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ 20,000 ዶላር ሊሰጥ የሚፈልግ ሰው በዚህ ደንብ መሠረት መግቢያ አያገኝም። ለስታርትአፕ የተለየ ሕግ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር አንዱ መነሻ ይኸው ነበር።

ሀዋሳ ላይ ጥያቄው ለምን ገነነ?

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በሙሉ አቅሙ 60,000 ያህል ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ተስፋው ወጣቱ በደመወዝ ይቀጠራል የሚል ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከፓርኩ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ ቪ ኤች ወጣ። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) መባቻ ጀምሮም አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ አገደች። ሠራተኛ ቀጣሪ ፋብሪካ ላይ የተጣለው ተስፋ ሲቀዘቅዝ «ሥራ ፍጠሩ» የሚለው ጥሪ ቢበረታ አይደንቅም። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም በየዓመቱ ምሩቃን ያወጣል።

በዚህ መሐል ስታርትአፕ የሚለው ስም የሥራ አጥነት መፍትሔ ተደርጎ መቅረቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጠባቡ ትርጉም ስታርትአፕ ብዙ ሰው የሚቀጥር አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች ብዙ ተጠቃሚ እንዲያገለግሉ ታስቦ የሚሠራ ነው። ወዲያውኑ ብዙ ሰው የሚያሠራው የብሎኬቱ፣ የዳቦ ቤቱ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራው ነው። የሥራ ዕድል ዕቅድ በስታርትአፕ ቁጥር ከተለካ፣ ብዙ ሰው የሚይዙት ሥራዎች ከእይታ ይወጣሉ። ወይም ደግሞ ቁጥሩን ለመሙላት ሁሉም ስታርትአፕ ይባላል፤ ይህኛው ይበልጥ የሚያሰጋ ይመስላል።

ከተማዋ ለጠባቡ ዓይነት ሥራ የሚሆን ነገር የላትም ማለት አይደለም። ዙሪያዋ የሲዳማ ቡና አገር ነው፤ ቡናው የታወቀ ስምና የውጭ ገበያ አለው። ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ምንጣሮ ነጻ መሆኑ ያልተረጋገጠ ቡና እንዳይገባ ያወጣው ሕግም ይህን ፍላጎት ግዴታ እያደረገው ነው። የአነስተኛ አርሶ አደሮችን ማሳ በካርታ መዝግቦ መረጃውን ለማኅበራትና ለላኪዎች የሚያቀርብ ሥርዓት እዚህ ተፈትኖ ከሠራ ጅማም፣ ጉጂም፣ ከኢትዮጵያ ውጭም ሊሄድ ይችላል። በይርጋለም የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አካባቢ የአቮካዶ አቅርቦትን ከምርት ወቅት ጋር የሚያቀናጅ አሠራርም እንዲሁ። እነዚህ ሥራዎች ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚህ ቢጀመሩ ይሻላል፤ ችግሩን የሚያውቀው ሰው እዚህ ነው፣ ማሳውም ከአዲስ አበባ እንደሚርቀው 275 ኪሎ ሜትር አይርቅም።

ሰፊ ትርጉም ወይስ ጠባብ?

ሁለት ወገን አለ፤ ሁለቱም ቁም ነገር አላቸው።

ትርጉሙ ሰፊ ይሁን የሚሉት የሚያነሱት የፍትሕ ጥያቄ ነው። ጠባብ ትርጉም በዋና ከተማ ያሉ፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ኢንተርኔት የሚያገኙ ወንዶችን ይጠቅማል ይላሉ። በሀዋሳ ገበያ ቆጮና ቡላ አዘጋጅታ በማሸጊያ መሸጥ የጀመረች ሴት ፈጠራዋ ከመተግበሪያ ያንሳል የሚለው ማነው? ድጋፉ ስም ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ስሙን መንፈግ ድጋፍ መንፈግ ነው። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ትርጉሙ ጠባብ ይሁን የሚሉት ደግሞ ለከፍተኛ ስጋት የተመደበ ጥቂት ገንዘብ ለሁሉም ሲበተን ለማንም አይደርስም ይላሉ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት የተጀመረውን የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ያስታውሳሉ። ፈንዱ በብድር መልክ የተሠራጨ፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ሥራዎችን በአንድ ቋት ያስተናገደ ነበር። የማይመለስ ሊሆን የሚችል ገንዘብና መመለስ ያለበት ገንዘብ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ፣ ተበዳሪው ብድሩን እንደ ስጦታ ያየዋል፣ አበዳሪውም ፈጠራን እንደ ማጭበርበር መጠርጠር ይጀምራል ይላሉ።

በእኔ ሚዛን ሁለተኛው ወገን ስለ ገንዘቡ፣ የመጀመሪያው ስለ ክብሩ ትክክል ነው። ትርጉሙ ይጥበብ፤ ነገር ግን ከትርጉሙ ውጭ ላሉት የሚሰጠው ድጋፍ በመጠንም በአክብሮትም ሊያንስ አይገባም። ቆጮ የምታሽገው ሴት የሚያስፈልጋት የጥራት ማረጋገጫ፣ ማሽንና የሥራ ማስኬጃ ብድር ነው። ይህን በጊዜው ካገኘች ስታርትአፕ ተባለች አልተባለች የሚቀርባት ነገር የለም። አስቸጋሪው በአሁኑ ጊዜ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚለው ስም የድሮ፣ ስታርትአፕ የሚለው የዘመናዊ ተደርጎ መታየቱ ነው፤ በዚህ ዓይን እስከታየ ድረስ ሁሉም ወደ ሁለተኛው መጠጋቱ አይቀርም።

ኢንኩቤተርና አክስለሬተር የሚባሉትም በዚህ ብዥታ ውስጥ ናቸው። ኢንኩቤተር ሐሳብ ገና ሳይበስል ቦታ፣ ምክርና የሙከራ ዕቃ እየሰጠ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያቆይ ማዕከል ነው። አክስለሬተር ደግሞ ሥራ የጀመሩትን በጥቂት ወራት በተመጠነ ጊዜ ውስጥ የሚያፋጥን፣ ብዙ ጊዜም በምትኩ ድርሻ የሚወስድ ነው። ወደ አንዱ የሚገባ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ድርሻ ይወሰድብኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሌሎች አገሮች መስመሩን የት አሰመሩ?

ቱኒዚያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የስታርትአፕ ሕግ በማውጣት በአፍሪካ ቀዳሚ ሆነች። ሕጉ ዕውቅና የሚሰጠው ዕድሜው ከስምንት ዓመት ላልበለጠ፣ ሠራተኛው ከ100 ላነሰ፣ ከዚህ በተጨማሪም ፈጠራውና የመስፋፋት አቅሙ በኮሚቴ ለተገመገመ ኩባንያ ነው። ናይጄሪያ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ከዐሥር ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ ጠየቀች፤ ቢያንስ ሲሶው ድርሻ የናይጄሪያውያን እንዲሆንም ደነገገች። ሕንድ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በጀመረችው መርሃ ግብር የዕድሜና የዓመታዊ ሽያጭ ጣሪያ ከፈጠራ መስፈርት ጋር አጣምራ ተጠቀመች።

የሦስቱ የጋራ ነጥብ ስሙ እንዲሁ የሚወሰድ አለመሆኑ ነው፤ ማመልከቻ ይቀርብበታል፣ ይመዘናል፣ ጊዜው ሲያልፍ ይነሳል። የኛም አዋጅ ስታርትአፕን በሕግ ተርጉሞ ዕውቅና የሚሰጥበት ሥርዓት ዘርግቷል፤ ዋናው ኃላፊነት የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ትልቁ አደጋ ገምጋሚው ነው። ዕድሜና የሠራተኛ ቁጥር ከሰነድ ይነበባሉ። «ፈጠራ ነው ወይ? ይስፋፋል ወይ?» የሚለው ግን የሰው ዳኝነት ይጠይቃል። ገምጋሚዎቹ ሁሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ከሆኑ የእርሻ ፈጠራ አይታያቸውም፤ ሁሉም አዲስ አበባ ከተቀመጡ ደግሞ የይርጋለም አቮካዶ ችግር ትንሽ ይመስላቸዋል። በክልል ደረጃ፣ ከዩኒቨርሲቲው የግብርና ምሁራንና ከቡና ማኅበራት ሰው የያዘ ገምጋሚ ቢኖር ውጤቱ ሌላ ይሆናል።

ዓመቱ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው?

ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው ጥያቄ ይህ ነው። ዕውቅና በዕድሜ ሲገደብ አንድ ሰው መነሻውን ቀን መወሰን አለበት። ሌሎች አገሮች የሚቆጥሩት ኩባንያው ከተመዘገበበት ቀን ነው፤ ለቁጥጥር አመቺ ስለሆነ። እኛ ዘንድ ግን የንግድ ፈቃድ የሚወጣው ሥራው ሲደርስ ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቦታ ለማግኘት፣ በጨረታ ለመሳተፍ፣ የባንክ ሒሳብ በድርጅቱ ስም ለመክፈት፣ አንዳንዴም ለውድድር ለመመዝገብ ሲባል ቀድሞ ይወጣል። ፈቃድ ከወጣ በኋላ ሽያጭ ባይኖርም ግብር ማስታወቅና ፈቃዱን በየዓመቱ ማደስ ግዴታ ነው። ያለ ፈቃድ መነገድ ደግሞ በሕግ ያስቀጣልና «ሥራው እስኪበስል ቆዩ» የሚለው ምክር አያዛልቅም።

በእርሻ ላይ የሚሠራ ቡድን ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ሐሳቡን በየሳምንቱ መፈተሽ፣ ማረምና እንደገና መሞከር ይችላል። በሲዳማ ቡና የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ወቅት ነው። የማሳ መረጃ ሥርዓቱ በመጀመሪያው ምርት ካልሠራ የሚቀጥለው ሙከራ ከዓመት በኋላ ነው። አምስት ሙከራ ማለት አምስት ዓመት ነው። የግብር ሕጉም ቢሆን በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ኪሳራን ወደ ፊት ማሸጋገር፣ ማለትም ከሚቀጥሉት ዓመታት ትርፍ ላይ ቀንሶ ግብር ማስላት፣ የፈቀደው እስከ አምስት ዓመት ነው፤ ለስንት ጊዜ ማሸጋገር እንደሚቻልም ገድቧል። ለሁሉም አንድ የዕድሜ ጣሪያ ከተቀመጠ በሀዋሳ ዙሪያ ያሉት የእርሻ ቡድኖች ገና ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሙከራቸው ላይ ሳሉ ዕውቅናቸው ሊያልቅ ይችላል።

አዋጁ እስከፈቀደ ድረስ ይህን በመመሪያ ማስተካከል ይቻላል። አንዱ መንገድ ዓመቱ ከመጀመሪያው ሽያጭ ቀን እንዲቆጠር ማድረግ ነው፤ የሽያጭ ደረሰኝ በገቢዎች መዝገብ ስለሚታይ ማረጋገጡ አይከብድም። ሌላው መንገድ ለእርሻና ለማምረቻ ሥራዎች ከሶፍትዌር የረዘመ ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሆን ብሎ ሽያጭን የሚደብቅ ሊፈጥር ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ማን በየትኛው ዘርፍ ይመደባል የሚል ክርክር ያስነሳል። ከሁለቱ ሁለተኛው ይሻላል። የዘርፍ ምደባው በንግድ ፈቃዱ ላይ ቀድሞውኑ ተጽፎ ይገኛል፤ ገምጋሚው ከዚያ ውጭ የሚጠይቀው ሰነድ አይኖርም።